የታቢታ «አልቀመስኩም»

ታቢታ ገና ማደንዘዣው ሲይዛት አስመለሳት፤ ያስመለሳትም ሳንባዋ ገብቶ ኦፕራሲዮኑ ሳይጀመር ሞተች። ወሬው ፒያሳ ካለው ሆስፒታል ተነስቶ መናኸሪያ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም፤ ወሬ መቼ ባጃጅ ይጠብቃል! «በልታ እንደሆን ሳትጠይቅ ያስገባቻት ነርሷ ናት የገደለቻት» ተባለ። ነርሷ ሲስተር ሐዳሳ ጠይቃታለች። ነገር ግን ሰው ሁሉ ሲኮንናት ራሷንም መጠርጠር ጀመረች። ስሟም እንጀራዋም ያለው በዚያች ጥያቄ ላይ ነበር።

በማግስቱ ኢንስፔክተር ኢክራም መጥታ ሐዳሳን ጠየቀቻት።

«ኦፕራሲዮኑ ለምን ነበር?»

«ከሟች ባሏ ሦስት ወልዳ የማህፀኗን ቱቦ አስቋጥራ ነበር። ለአዲሱ ባሏ ለኤልናታን ልትወልድለት ልታስከፍተው መጣች። ‹ምንም ቀምሰሻል?› ስላት ‹አልቀመስኩም› አለችኝ። ጌታ ምስክሬ ነው!»

«ማን ሰማ?»

«ባሏና አማቷ።»

ኢክራም አማቷን ወይዘሮ ብርቅዬን አስጠራች።

«እናቴ፣ ሐኪሟ ዶክተር ሰለሞን ከሳንባዋ የወጣው ቆጮ ነው ብሏል። ማን አመጣው?»

«እኔ ነኛ! ማታ ቆጮውን በቅቤ ለውሼ፣ ቡርሳሜ አድርጌ ለልጄ አመጣሁለት። አስታማሚ ጦሙን ይደር እንዴ? ጠዋት ባዶ ሳህኔን ወሰድኩ።»

ኤልናታን ዓይኑ ደም መስሏል። ኢክራም ሌላ ነገር አልጠየቀችውም፤ «እንዴት አደርክ?» ብቻ አለችው።

«ጾም ጸሎት ይዤላት ነበር። ውሃ እንኳ አልቀመስኩም።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ዶክተሩ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ሳህኑ ሙሉ ገብቶ ባዶ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ ያደሩት ሁለት ናቸው። ኤልናታን ጾሜ አደርኩ ብሏል፤ የበላችው ታቢታ ናት። ግን ሁለት ዓመት የጠበቀችውን ቀን በገዛ እጇ አታበላሽም። ያጎረሳት ሰው አለ። ሲስተር ስትጠይቃትም ያ ሰው አጠገቧ ቆሞ ውሸቷን ሰምቷል።»

ወይዘሮ ብርቅዬ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ምን አደረግክ?»

«ቀጠሮው እንዲቀር ነው እማዬ» አለ ኤልናታን። «የመጨረሻ ልጇ ምጥ ሊገድላት ነበር ሲሉ ሰማሁ፤ ፈራሁ። ይቅር እንዳልላት ልጅ ልጅ እያልኩ ያስጨነቅኳት ራሴ ነኝ። ሊነጋ ሲል ‹ሐኪሙ ፈቅዷል› ብዬ አጎረስኳት። በኋላ ‹ዋሽቼሽ ነው፣ በልተሻልና ዛሬ አይሆንም› ስላት አለቀሰች። ሲስተር ስትጠይቃት ‹አልቀመስኩም› ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አንቺ ደግሞ የልጅ ልጄን እያልሽ ቆመሻል። አፈርኩና ዝም አልኩ።»

«ወይኔ ልጄን!» ብለው ወይዘሮ ብርቅዬ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ሐዳሳ «ተመስገን» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ኤልናታን ወደ እሷ ዞሮ፣ «ሲስተር፣ ሦስቱን ልጆቿን ምን ልበላቸው?» አላት። አፏን መልሳ ዘጋች፤ በደስታዋም አፈረች።