ያልተገናኙት ነጭ መስመሮች

ደርዊሽን ከአሮጌው ላንድሮቨሩ ስር ሲያወጡት ሞቷል። በተዳፋቱ ግቢ መኪናው ተንሸራቶ ደረቱ ላይ ወጥቶበት ነበር። አስከሬኑ ለምርመራ ከተወሰደ በኋላ ሚስቱ አሲያ ከአጥር እስከ በር ትመላለሳለች። ያቅበጠበጣት ሐዘኑ ብቻ አልነበረም። ከቂሊንጦ ሌሊት ሠርታ የመጣችው ልጇ ተቅዋ የፋብሪካ ጋውኗን ሳታወልቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ትላለች፤ ደግማ ደጋግማ።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሃዊ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «እንዴት?»

«አባቴ ‹የእጅ ፍሬኑን ልቀቂልኝ› አለኝ። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ፣ ትራስሚሽኑን እያዞረ ቡሎኑን ሊፈታ ነው። ለቀቅኩና ገብቼ ተኛሁ። መልሼ አልያዝኩትም።»

«ስትለቂው መኪናው ሄደ?»

«አልሄደም። ጎማው ስር የድንጋይ ታኮ ነበረ።»

«የምን ድንጋይ?» አለ መኪናውን የሚነዳው የደርዊሽ የእህት ልጅ ፈርሃት። «እኔ ስደርስ ድንጋይ አልነበረም። አጎቴም ገና አንድ ቡሎን አልፈታም። በቃ፣ እንቅልፍ ነው ያሳታት፤ አትውቀሷት።»

ማዘኑ አሲያን ከስድብ ይበልጥ አመማት።

ሃዊ ጃኬቷን አውልቃ መኪናው ስር ገባች። ስትወጣ ወደ ጎረቤትየው ብረት ቀጥቃጭ ሽማግሌ ዞረች። «ጋሽ ጉተማ፣ ዛሬ አይተውት ነበር?»

«እንዴታ። ትራስሚሽኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ እኔ ጋ መጣ። ‹ተቅዋ ተኝታለች፤ ቀስ ብለህ ቀጥቅጥ› ይለኛል፣ ቀስ ተብሎ የሚቀጠቀጥ ብረት ያለ ይመስል። ጫፉ ላይ ያለውን መስቀል ብረት፣ ክሮቼራውን ቀየርን። ዘንጉ ግን ተጣሟል። ‹የመኪናው መንቀጥቀጥ ከዚህ ነው። ምን ላይ እንዳወጣው ፈርሃትን እጠይቀዋለሁ› ብሎኝ ሄደ።»

ሃዊ ሁሉንም መኪናው ዘንድ ሰበሰበች።

«ትራስሚሽኑ አሁን ታስሯል» አለች። «ደርዊሽ ከመፍታቱ በፊት በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ነጭ መስመር አስምሯል፤ ሲመልሰው እንዲገናኙ። አሁን አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ መሬት ያያል።»

«እሱ?» አለች አሲያ። «መስመሩ እስኪገጥም እኔን ባትሪ አስይዞ ያቆመኝ የለም እንዴ?»

«እንግዲያው ያሰረው ሌላ ሰው ነው። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው ትራስሚሽኑን እንጂ ጎማውን አይደለም። ትራስሚሽኑ ከወረደ ፍሬኑ ቢያዝም ቢለቀቅም ያው ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው ታኮው ብቻ ነው። ደርዊሽ ሊመልሰው ሲገባ አንድ ሰው ታኮውን አነሳ። ከዚያ ጥፋቱ በተለቀቀው ፍሬን እንዲላከክ፣ የተጣመመውም ብረት እንዳይታይ፣ ቸኩሎ አሰረው።»

ፈርሃትን አየችው። «አንድ ቡሎን አልፈታም ያልከው አንተ ነህ። እጅህን ታጥበሃል፤ ክርንህ ላይ ግን አዲስ ግሪስ አለ። ኮዬ ፈጬ መንገድ ላይ ሰው ገጭቶ፣ በመንገዱ አካፋይ ግንብ ላይ ዘሎ ያመለጠ ላንድሮቨር እየፈለግን ነበር።»

ፈርሃት ክርኑን ሸፈነ። «ሰውየው ተነስቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር» አለ። «አጎቴ ‹አብረን ሄደን እንናገር› አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ብዬው ነበር።»

ሲወስዱት ተቅዋ የእናቷን ቀሚስ ያዘች። «እማዬ፣ ፍሬኑስ?»

«ምንም አልያዘም ነበር ልጄ። ብትይዢውም ያው ነበር።» አሲያ ጭንቅላቷን ወደ ደረቷ ሳበችው። «አልቅሺ በቃ። አሁን የምታለቅሺው ለአባትሽ ነው።»