የጣሳው ጽሑፍ

ናዝሬት አልጋዋ ላይ ሞታ ስትገኝ አንገቷ ላይ ያለው የመዳብ መስቀል ጠቁሮ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ! ኧረ ምን በደለች?

የሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ጎረቤት ግን ወዲያው ፈርዷል፦ እራቱን የሠራችው እንጀራ እናቷ መሰለች ናት፤ መርዝ አብልታት ነው። አክስቷ ወይዘሮ ፀሐይቱም «ትሰቀልልኝ!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። መሰለች በካቴና ታሰረች።

ኢንስፔክተር መቅደላዊት ግን የሐኪሙን ወረቀት አንብባለች፤ የናዝሬት ሆድ ውስጥ መርዝ የለም። መኝታ ቤቱን አየች። መስኮቱ ለዝናቡ ተብሎ ተዘግቷል። አልጋው ሥር በረንዳ ላይ በዝናቡ ርሶ የገባ የሽምብራ ጆንያ፣ ዙሪያውን የሞቱ በረሮዎች። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

«መርዝ ገዝተሽ ታውቂያለሽ?» ስትል መሰለችን ጠየቀቻት።

«በማርያም! በእጄም ነክቼ አላውቅ!» መሰለች ይህን ስትመልስ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

ኢንስፔክተሯ ትንሽ አሰበች። «መድኃኒትስ?»

«የነቀዙን? እሱንማ ጆንያው ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ነቀዝ ሽምብራዬን ሲጨርሰው ዝም ልበል? ባሌ በሱፍቃድ ቁም ሳጥን ላይ ካስቀመጠው ጣሳ ነው የወሰድኩት።»

መቅደላዊት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። የናዝሬት አባት አቶ በሱፍቃድ የአገሪቱን አደገኛ ኬሚካሎች ስጋት የሚያጠናው ቡድን መሪ ናቸው። «መርዝን መድኃኒት አትበሉት፣ ሕዝብ ትጨርሳላችሁ!» እያሉ በየስብሰባው ስለሚጮኹ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ መርዜ» ይሏቸዋል።

«ናዝሬት መርዙን አልበላችም፤ ተነፈሰችው» አለች መቅደላዊት። «ጆንያው ውስጥ የተጨመረው የነቀዝ ክኒን እርጥበት ሲነካው መርዛማ ጋዝ ይሆናል። መዳቡን ያጠቆረው፣ በረሮውን የፈጀው እሱ ነው። የጨመረችው መሰለች ናት።»

«አላልኩም?» ጮኹ ወይዘሮ ፀሐይቱ።

«ይቆዩ እትዬ። መሰለች የጨመረችው ጣሳው ላይ ያለውን አንብባ ነው። ጋሼ፣ ለጥናቱ ከሱቅ ያመጡት ናሙና ነው አይደል? ላዩ ላይ የጻፉትን ያንብቡልን።»

አቶ በሱፍቃድ ጣሳውን አዩ። የገዛ እጃቸው ጽሑፍ ነው፤ ናሙናውን ባመጡበት ቀን ባለሱቁ እንደነገራቸው፣ አፍም እንደለመደው ጽፈውታል።

«የነቀዝ… መድኃኒት» አሉ።

ካቴናው ተፈታ። መሰለች ግን አልተነሣችም። «በእጄ ነው፣ ልጄን በእጄ!» እያለች ወለሉ ላይ ታለቅሳለች። ወይዘሮ ፀሐይቱ አጠገቧ ተቀመጡና አቀፏት።

አቶ በሱፍቃድ እጃቸውን ዘረጉ። «እስክሪቢቶ ስጪኝ ልጄ። ላርመው።»

መቅደላዊት ጣሳውን ቀስ ብላ ከእጃቸው ወሰደች።

«ማስረጃ ነው ጋሼ» አለች፤ «ከእንግዲህ አይታረምም።»