ስም የሌለው ሜዳሊያ

እኔ ኮቴ ተሰማ፣ ጥላ ታየ ሲባል ከማማተብ በቀር ጆሮ የምሰጥ ሴት አልነበርኩም፣ ንፋስ መውጫ ላይ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርልኛል፣ ያቺን አንድ ማታ ግን ምን ልበላት፣ እናንተው ስሙኝና ፍረዱ።

ልጄ ትርንጎ ሯጭ ነበረች። በዞኑ ውድድር አንደኛ ወጥታ የወርቅ ሜዳሊያ አጥልቃ መጣች፣ እኔም ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ሰቀልኩት። በዓመቱ ከአርብ ገበያ ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ተገለበጠና ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ነፍሷን ለተወልኝ አምላክ ምስጋና ይግባው። ሰው ግን ሩጫዋን ረሳው፣ እመኑኝ፣ «በክራንች የምትሄደዋ» ነው የሚሏት፣ መሮጧን የሚናገርላት ያ ሜዳሊያ ብቻ ቀረ።

አረጋሽ የማኅበር እህቴ ናት፣ ከአንድ ጽዋ ስንጠጣ ኖረናል። አንድ ቀን መጥታ የልጇ ትምህርት ቤት ሜዳሊያውን ለተማሪዎች ማሳየት እንደሚፈልግ ነገረችኝ፣ እሑድ እመልሳለሁ ብላ በእመቤታችን ስም ማለችልኝ፣ እኔም አውርጄ ሰጠኋት። እሑድ አለፈ። ከዚያ ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን በስልኩ ፎቶ አሳየኝ፣ የአረጋሽ ልጅ የትርንጎን ሜዳሊያ አጥልቃለች፣ ከሥሩም የዞኑ አሸናፊ፣ ለሩጫ ማሠልጠኛ የተመረጠች ይላል። ሜዳሊያው ላይ ስም የለበትም፣ ላጠለቀው ሁሉ ይመሰክራል።

ቤቷ ሄድኩ። አልካደችም።

«እህቴ፣ እግር ለሌላት ልጅ ሜዳሊያ ምን ያደርግላታል? የኔዋ እንኳ ትሂድበት» አለችኝ፣ ምክር እንደምትሰጥ፣ በለስላሳ ድምፅ። ትቻት ወጣሁ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ለማርያም በዓል ደጁን በእበት ለቅልቄ ገብቼ፣ ከትርንጎ ጋር ራት እየበላን ሳለ ኮቴ ሰማን። ባዶ እግር ነው፣ ፈጣን፣ ቤቱን ይዞራል፣ አብሮትም ብረት ደረት ላይ ሲነጥር የሚሰጠው ቀጭን ድምፅ አለ። ውሻችን አልጮኸም። ኮቴው ሲርቅ ባትሪ ይዤ ወጣሁ፣ እርጥቡ እበት ላይ የግራም የቀኝም እግር ዱካ አለ፣ የቀኙ አውራ ጣት፣ ትርንጎን በልጅነቷ መጥረቢያ እንደገመሳት፣ ገመስ ያለ ነው። እሷም በክራንቿ ከኋላዬ ቆማ አየችው።

«የኔ ነው፣ እማ» አለች። ዱካው ቁልቁል ወደ አረጋሽ ሰፈር ይወርዳል።

በማግስቱ አረጋሽ ሜዳሊያውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች፣ ግቢ ብላት አልገባም አለች።

«ልጅሽን ያዥልኝ፣ ሌሊቱን ከደጃችን ቆማ አነጋችው።»

«እትዬ አረጋሽ፣ እኔ በምን እግሬ እመጣለሁ?» አለቻት ልጄ ከውስጥ።

አረጋሽ ቀና ብላ አላየቻትም። «በሁለቱም» አለችና ሄደች።

ሜዳሊያው ተመልሶ ተሰቅሏል፣ እመቤቴ ትመስገን። አረጋሽ ጽዋውን ስታቀብለኝ ግን እጄ እሺ አይለኝም። የንስሐ አባቴ መጥተው ጠበል ረጩልን፣ ኮቴውም ዳግም አልተሰማም። ልጄ ብቻ አንዳንድ ጠዋት ስትነሣ የሌለው እግሯ ድክም እንዳላት ትነግረኛለች፣ እኔም የት ሄዶ አደረ ብዬ አልጠይቃትም።