ያለ ጎሚኒ በረሃ መግባት

ዶሪን ከፒክአፑ ወርዳ ተጎታች ቤታቸው ሥር አጎንብሳ ስታይ ቀዩ አሸዋ ረጥቧል። እጇን ሰደደች። ከውሃ ታንከሩ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ጎማ መጋጠሚያው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። የዊሉናን ከተማ ከኋላቸው ከተዉ ወዲህ አንድ መኪና እንኳ አላለፋቸውም፤ ግራ ቀኙ እሾሃማ ሣርና አሸዋ ነው። ያላቸው ውሃ ይኸው፣ ለአሸዋ እየተገበረ ነው። ደሟ ፈላ።

«ቪክ፣ ና እስቲ ይቺን እያት።»

ባሏ ቪክ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ወገቡን ይዞ እየተንጠራራ መጣና ጎንበስ እንኳ ሳይል መለሰላት።

«ላብ ነው። በዚህ ሙቀት ጎማም ያልበዋል።»

«ጎማ ያልበዋል? ለማን ነው የምትነግረው?»

«ትንሽ ናት እኮ ዶር። ቴፍሎን ጠምጥሜ ጠበቅ አደርጋታለሁ።»

«ጎሚኒዋ፣ ያቺ የጎማ ቀለበት፣ ከውስጥ አለች?»

«አለች አልኩሽ! ከቤት ሳንወጣ በእጄ ቀየርኳት።»

እዚያ አገር ጡረታ የወጣ ባልና ሚስት ሁሉ ቤቱን ከኋላው ጎትቶ አህጉሩን ይዞራል። ወንዱ ደግሞ የሚያፈስ ነገር ባየ ቁጥር ነጭ የቴፍሎን ጥብጣብ ያነሳል፤ ከአባቱ የወረሰው ይመስላል። ቪክም ጠመጠመ፣ ደግሞ ጠመጠመ፣ ከዚያ በፒንሳ ይዞ እስኪንቋቋ አጠበቀው። ጠብታው ቆመ። ዶሪን ጥርሷን ነክሳ ወደ መኪናው ተመለሰች። ታንከሩ ገና ግማሽ ነበረ፤ ወደፊት ደግሞ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅመው የመንገደኞች ዳስ አለ። እዚያ ከደረሱ ይተርፋሉ።

ኮሮኮንቹ ግን የቪክን ቴፍሎን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ቤቱ እየተንገጫገጨ፣ መጋጠሚያው እየላላ ሄደ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ። መጀመሪያ ሣሩ ተኛ፣ ቀጥሎ አድማሱ ቀላ፣ ወዲያው ፀሐይዋ ጠፋች። ቪክ መንገዱን ማየት ሲያቅተው ቆሙ። አሸዋው መስኮቱን እየገረፈ፣ ተጎታቹን እያወዛወዘ እስኪመሽ ድረስ አልለቀቃቸውም። በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ከሥር የሚንጠባጠበውን ማን ይሰማል?

የሰሙት ግመሎቹ ናቸው። ወይም አሸተቱት። ጎህ ሲቀድ ዶሪን ቤቱ ከሥሩ ተገፍቶ ሲዘል ነቃች። በመስኮት ስታይ የዱር ግመል መንጋ ከቧቸዋል። የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል፤ ጥማቱ እንስሳ ሳይሆን ሌላ ነገር አድርጓቸዋል። ትልቁ ወንድ አንገቱን ከቤቱ ሥር አስገብቶ ጎማውን ያኝካል።

መጥበሻውን አንሥታ በሌሊት ልብሷ ወጣች።

«ዶሪን፣ ተመለሽ! ይረግጥሻል!»

«ይርገጠኛ!»

መጥበሻውን በቤቱ ብረት ላይ ደበደበች። ሴቶቹ ግመሎች በረገጉ። ትልቁ ግን የውሃ ጎማውን እንደነከሰ አረፋ እየደፈቀ ዞሮ መጣባት፤ በደረቱ ሲገፋት ከተጎታቹ እግር ጋር ተላተመች፤ እሷም አፍንጫውን በመጥበሻው አገኘችው። ቪክ መኪናው ውስጥ ዘሎ ገብቶ ጥሩምባውን ለቀቀው። ግመሉ ደንብሮ ሲስፈነጠር ጎማው ጥርሱ ላይ ነበርና ከመጋጠሚያው መንጭቆት ሄደ። ከታንከሩ የቀረው ውሃ ዘርገፍ አለ። አሸዋው ጠጣው። ግመሎቹ ደግሞ ራቅ ብለው ቆመው ጭቃውን ለመላስ እስኪሄዱላቸው ይጠብቁ ነበር።

ዶሪን የተጣለውን ጎማ አነሣች። ክርኗ ይደማል፤ እሷን ግን የሚያማት ሌላ ነው። ከመኪናው ኋላ ከታሰረችው አንዲት ጀሪካን በቀር ውሃ የላቸውም።

«ተራ በተራ እንጠጣለን» አለች። «ሌላ ወሬ የለም።»

ቪክ ነዳ። ሙቀቱ እየከበደ ሲሄድ ንግግሩ አጠረ፤ ቀጥሎ መኪናው ከመንገዱ ወጥቶ ሣር ላይ ወጣና ተመለሰ። ዶሪን ዞር ብላ አየችው። ግንባሩ ደረቅ ነው፤ ላብ የሚባል የለም። ጀሪካኑን አንሥታ ወዘወዘችው። ከሚገባው በላይ ከባድ ነው።

«አንተ አልጠጣህም።»

«ጠጥቻለሁ።»

«ከንፈርህን ነው ያረጠብከው። ስታታልለኝ ነው የዋልከው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ... ላንቺ ይትረፍ ብዬ ነው።»

«መበለት መሆን አማረኝ ብዬሃለሁ? ይህን ሁሉ ዘመን አብሬህ የኖርኩት አንተን አሸዋ ውስጥ ልቀብር ነው? ቁም። ቁም አልኩህ። ውረድና እዚህ ተቀመጥ።»

መሪውን ያዘች። በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን ቤቱን ጎትታ አታውቅም፤ ቪክ «ሴት አይሆንላትም» ሲል እሷም እሺ ስትል ኖራለች። አሁን ግን እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ነዳችው። ልስልሱ አሸዋ ላይ ስትደርስ ሳትቆም አለፈች፤ ደረቁ ወንዝ ላይ ድንጋዩን እየመረጠች አለፈች። ፈራሁ ለማለት ጊዜ አልነበራትም። በየመሃሉ «ጠጣ» ትለዋለች፤ እሱም አንድ አንድ ጉንጭ ይጎነጫል። ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን የዳሱ ቆርቆሮ ጣሪያ ከሩቅ አብለጨለጨ።

ሲደርሱ ያየችውን ማመን አቃታት። አንድ ጎልማሳ ሰው ከዳሱ ታንከር ጎማ ስቦ አዲሱን ረጅም ተጎታች ቤቱን፣ ካራቫኑን፣ ያጥባል። ቀይ ጭቃው በጎማዎቹ ሥር ይወርዳል። ዶሪን ወርዳ ቧንቧውን ዘጋችው።

«ምነው እማማ?» አለ ሰውዬው። ራስል ይባላል። «የዝናብ ውሃ እኮ የሁሉም ነው።»

«እማማህ ቤትህ ናት። የሁሉም ስለሆነ ነው የዘጋሁት። ያንተ ታንከር ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው። ታዲያ?»

«ታዲያማ ጉድ ነው።»

የዳሱን ታንከር በቡጢ መታችው። ከላይ እስከ ታች ባዶ ድምፅ ሰጠ፤ ውሃ እንዳለ የሚያሳየው ወፈር ያለ ድምፅ የተሰማው ከቧንቧው ጥቂት ከፍ ብሎ ብቻ ነበር። ለቪክ አንድ ኩባያ ቀድታ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ግመሉ ያኘከውን የጎማውን ጫፍ ቆርጣ ወደ ቤቱ ሥር ገባች። ወደፊት ገና ረጅም በረሃ አለ፤ ይህ መጋጠሚያ ካፈሰሰ ከዳሱ የተቀዳው ሁሉ እንደገና አሸዋ ይጠጣዋል። መጋጠሚያውን ፈታች፣ ነጩን ቴፍሎን ልጣ ልጣ ጣለች፣ ጣቷን ወደ ውስጥ አስገባች። ባዶ።

«ቪክ። ጎሚኒዋ የታለች?»

ቪክ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አልነበረችም። አሮጌዋን ሳወጣ ተበጠሰች፤ አዲሷ ደግሞ ከእጄ ወድቃ የውሃ ሽታ ሆነች። ብነግርሽ "ሱቅ ሂድና ግዛ" ትይኛለሽ። ሱቅ መሄድ ሰለቸኝ።»

«ሱቅ መሄድ ሰለቸህ።»

«አዎ።»

ዓይኗ እግሩ ላይ አረፈ።

«ነጠላ ጫማህን አምጣ።»

«የቱን?»

«አንዱን። ሁለቱንም ብቆርጥ ደስ ይለኝ ነበር።»

ከጎማው ጫማ ተረከዝ በቢላ ክብ ቆርጣ መሃሉን በሳችው። መጀመሪያ የቆረጠችው ጠበበ፤ ጣለችው። ሁለተኛው ልክክ አለ። መጋጠሚያው ውስጥ አስቀምጣ በእጇ ብቻ አጠበቀች፤ ፒንሳ አልነካችም። በዳሱ የቀረውን ውሃ በጀሪካን እያመላለሰች የራሳቸው ታንከር ውስጥ ጨመረች። አሸዋው ደረቅ ሆኖ ቆየ። ደጋግማ ዳበሰችው፤ ደረቅ ነው።

ራስል ጎማውን ጠቅልሎ ሊሄድ ሞተር አስነሣ። ዶሪን ቀድማው ፒክአፗን ከነተጎታቹ መውጫው ላይ አጋድማ አቆመችና ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ከኋላችን ሰው ይመጣል። ዛሬ ባይመጣ ነገ። ባዶ ታንከር ያገኛል? የወሰድከውን መልስ።»

«አብደሻል። በጎን አልፌ እሄዳለሁ።»

«እለፋ። ያ ግዙፍ ቤትህ ልስልሱ አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ውሃ አለኝ።»

ራስል አሸዋውን አየ። ካራቫኑን አየ። ከዚያ ወደ ቪክ ዞረ። «አባባ፣ እባክህ ሚስትህን አንድ በላት።»

ቪክ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ባዶ፣ ምሰሶውን ተደግፎ ተነሣ።

«መልስ ብላሃለች» አለ። «መልስ።»

ራስል እየተሳደበ ፓምፑን ከፈተ፤ ጎማውን ወደ ዳሱ ታንከር አፍ ሰቀለ። ዶሪን እጇን አጣጥፋ ታንከሩ አጠገብ ቆመች፤ ውሃው በታንከሩ ውስጥ እስከ ደረቷ ከፍታ መድረሱን በቡጢዋ እየመታች አረጋግጣ ነው መንገዱን የለቀቀችለት። አመሰግናለሁ አላለችውም።

ከዚያ ከመሪው ጀርባ ገባች። ቪክ አጠገቧ ተቀምጦ ባዶ እግሩን በእጁ እያሸ ከጎን ከጎን ያያታል። ዳሱ ከኋላቸው እየራቀ ሄደ።

«ዶር፣ አሁንም ተናደሻል?»

«አዎ» አለች ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «ጠጣ።»