የአባቴ የኪስ ማስመሪያ

ይሄ እኔው ቤት የሆነ ነው። የሚያምን ይመን፣ የማያምን ይለፈው... ለመከራከር ጊዜ የለኝም።

የጀመረው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጨለማ የለ፣ ነፋስ የለ። ሳሎኑ በፀሐይ ተሞልቷል። ቤት ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነበርን።

አባቴ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራበትን ጣቢያ አሁን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ በትንሹ እየሠራው ነው። ፉርጎው መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ሃዲዱን በእጁ ይሠራል፤ ንድፉን ግን ኮምፒውተር ላይ የማወጣለት እኔ ነኝ።

ፕሮግራሙ ከባድ አይደለም። መስመሩን ስክሪን ላይ ታጥፉታላችሁ፣ ፕሪንተሩ በልኩ ያወጣዋል። አባዬ ወረቀቱን ጣውላ ላይ ይለጥፍና ሃዲዱን በላዩ ይደረድራል።

እያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር አለች። በማስመሪያ ስትለካ ድፍን መቶ ሚሊ ሜትር መሆን አለባት። ካልሆነች ወረቀቱ ወደ ቆሻሻ ነው።

የቀረን አንድ ቦታ ነበር... ሃዲዱ ኩርባ ላይ እንዳለ ለሁለት የሚከፈልበት።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንዱን ጎን ሳስተካክል ሌላው ከጣውላው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ይወጣል።

ሰለቸኝ።

ኩርባውን እንደገና ከማጠፍ ይልቅ፣ የህትመት መጠን በመቶኛ በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ መቶውን አጥፍቼ ዘጠና ስምንት ጻፍኩ። ሁሉም በትንሹ አነሰ። ጣውላው ላይ ልክ ገባ።

ማጭበርበር ነው። ሃዲዱ ይጠባል፣ ባቡሩም ይወድቃል። አባዬ ደግሞ ወዲያው ይነቃብኛል ብዬ ነበር። ከኪሱ የማትለይ የብረት ማስመሪያ አለችው፤ ሲተኛ እንኳ ፒጃማው ኪስ ውስጥ ናት።

አወጣት። ለካ።

"መቶ፣" አለ።

"...ስንት?"

"መቶ ነዋ፣ ድፍን! አንቺ ችኩል፣ ዛሬስ ተባረክሽ።"

ሙጫ ሊያመጣ ሲሄድ በራሴ ማስመሪያ ለካሁት።

ዘጠና ስምንት።

የእሱን ማስመሪያ ጠረጴዛው ላይ ትቷት ነበር። ከእኔዋ ጎን አስቀመጥኳት። የእሷ መቶ የእኔዋ ዘጠና ስምንት ላይ አለቀች።

ብረት ናት። ብረት እንዴት ያጥራል?

ረቡዕ ጠዋት ከቁም ሣጥን ያወጣው ሸሚዝ እጅጌ ጣቶቹን ሸፈናቸው።

"በማጠቢያው አሰፋሽው እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ጠቀጠቀ።

ወደ ኮምፒውተሩ ሮጥኩ። ሳጥኑ ውስጥ ዘጠና ስድስት ይላል... እኔ አልጻፍኩትም። መቶ ብዬ አስተካክዬ አተምኩ።

አባዬ ለካ። ግንባሩን ቋጠረ።

"መቶ አራት። ትልቅ ወጣ ልጄ። አሳንሺው።"

"አባዬ... ወረቀቱ ትክክል ነው።"

"ማስመሪያዬ ነው የሚዋሸው?"

ታላቅ ወንድሜ ጋ ደውዬ አባዬ እያጠረ ነው አልኩት።

"ሽማግሌ ያጥራል እኮ! ዩኒቨርሲቲ ምን አስተማሩሽ?"

"በአንድ ሌሊት?"

"ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ አትጨቅጭቂው።"

አባዬን በሩ መቃን ላይ አቁሜ ከአናቱ በላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ማታ ሌላ። ሐሙስ ጠዋት ሌላ። የሐሙሱ ከበሩ እጀታ እኩል ነበር።

"ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ኩርባው ይለቅና።"

"አባዬ፣ እያለቅክ ነው!"

"አትጩኺብኝ፣" አለ በሹክሹክታ። "ጆሮዬን ያመኛል... ድምፅሽ ከብዷል።"

ኮምፒውተሩን ነቅዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። የተለጠፈውን ወረቀት ልገነጥል ስል በሁለት እጁ አንድ ጣቴን ያዘኝ።

"እንዳትነኪው። ስለምንሄድበት ነው።"

"ማን ነው የሚሄደው?"

ጣቴን ለቆ የወረቀቱን ጠርዝ በመዳፉ ተጫነው።

ሌሊቱን ስጠብቀው አደርኩ። የራሴ ማስመሪያ ከማክሰኞ ጀምሮ ከሱሪ ኪሴ አልወጣችም፤ በየሰዓቱ ከእሱ ማስመሪያ ጋር አስተያያት ነበር። የእሱ እያጠረች፣ እያጠረች... ምንም ማድረግ አልቻልኩም። መለካት ብቻ።

ዓርብ ከሰዓት ወንበሩ ላይ ሸለብ አደረገኝ።

ስነቃ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አባዬ አጠገቤ ቆሟል። ቁመቱ... እንደ ድሮው!

ማስመሪያዎቹን ጎን ለጎን አደረግኳቸው። እኩል። መቶ ከመቶ ጋር።

ከወንበሩ ዘልዬ ወረድኩና አቀፍኩት። አገጬ ልክ እንደ ድሮው ትከሻው ላይ አረፈ። እኔ የማላለቅሰው አለቀስኩ።

"በቃ፣ አበቃ፣" አልኩ።

ያንን የእርሳስ ምልክት ሁሉ ላጠፋው ወደ በሩ ሄድኩ። እጄን ዘረጋሁ።

አልደረስኩም።

በእግሬ ጣቶች ጫፍ ቆምኩ።

ዝቅተኛው፣ የሐሙሱ እንኳ... ከላዬ ነው።

ዞር ብዬ ወንበሩን አየሁት። እውነትም ዘልዬ ነበር የወረድኩት።

ስልኬ ግድግዳው ሥር ቻርጅ ላይ ነበር። ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

"ሃሎ? ሃሎ? ማነው?"

"እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!"

"ምንም አይሰማም... እንደ ትንኝ ይላል ነገሩ።" ዘጋው።

ሁለተኛውን ጥሪ አላነሳውም። መልእክቶቼ ቀልድ ሳይመስሉት አልቀሩም፣ የሳቅ ምስል ላከልኝ። ይህን ጽሑፍ የምለጥፍበትን ቻናል ግን ሊያሾፍበትም ቢሆን በየቀኑ ያነባል። ለዚህ ነው የምጽፈው። ስልኩን ወለል ላይ አጋድሜ፣ በላዩ ተንበርክኬ፣ አንዱን ፊደል በመዳፌ እየተጫንኩ።

አባዬ አጠገቤ የለም። ኮምፒውተሩን ስቆልፍበት የተውኩት ገመድ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ነገር በእሱ ወደ ላይ እየወጣ እንዳለ ሁሉ ይወዛወዛል።

አሁን ከላይ የባቡር ጥሩምባ ተሰማ።

የእኛ ባቡር ጥሩምባ የላትም።

"ችኩሏ!" አለኝ አባዬ ከሩቅ። "ዛሬ ነው እንዴ የምትዘገዪው?"

ወንድሜ፣ ነገ በቁልፍህ ስትገባ በሩን ቀስ ብለህ ክፈት።

የምትረግጥበትንም እይ።