የመሰላሉ ካልሲ

ቀለም ቀቢው ለሥራ ሲወጣ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን እስኪታጠፍ በዓይኗ ትሸኘዋለች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ወደቀ» የሚለውን ቃል ስትጠብቅ ኖረች እንጂ መች እፎይ አለች?

ያን ሰሞን ደግሞ የመሰላሉ እግሮች ጎማ አልቆ ብረቱ ወጣ። «ቅዳሜ አስቀይረዋለሁ» ቢላትም ቅዳሜ ራቀባት። ሚስትየው ልጃቸውን የጠበባትን የሱፍ ሹራብ አወጣች፤ ሁለቱን እጅጌዎች ቆርጣ፣ ጫፋቸውን ሰፍታ፣ እንዳይንሸራተት ብላ የመሰላሉን ሁለት እግሮች አለበሰቻቸው።

ጠዋት ባልየው ሲያይ በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ ሴት! የኔ ካልሲ ተቀዶ አውራ ጣቴ ፀሐይ ይሞቃል፣ አንቺ ለመሰላል ትሰፊያለሽ?»

«ሳቅ፣ ሳቅ! ብቻ እንዳታወልቀው። በልጅህ ይዤሃለሁ፣ ማልልኝ!»

ማለላት።

ወየው! የዚያን ቀን የሚቀባው አዳራሽ ወለሉ እንደ መስታወት የተወለወለ እምነ በረድ መሆኑን ማን ይንገራት? ሱፍ እዚያ ላይ እንደ ሳሙና እንደሚሆንስ?...

ከምሳ በፊት ስልኩ ጮኸ።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የሥራ ጓደኛው ሁለቱን እጅጌዎች ሰጣት። «እትዬ፣ መሰላሉን ይዤለት ነበር፤ ብሩሽ ላቀብለው አንድ እጄን ሳነሳ ከሥሩ ሸሸ። አውልቀው ብዬው ነበር። ‹ለሚስቴ ምያለሁ› አለኝ...»

ሐኪሙ ስለ አከርካሪው ሲነግራት፣ ከወገቡ በታች ከእንግዲህ እንደማይሰማው ሲያስረዳት፣ እሷ የምታየው መርፌዋን ብቻ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የፈራችውን በገዛ እጇ ሰፍታ ላከችው?

አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። «እኔ ነኝ... እኔ ነኝ የጣልኩህ!»

«ዝም በይ፣ የልጄ እናት» አላት ድምፁ ሰልሎ። «ገና ስገባ አውልቄው ነበር። እግሬ ነው የሳተኝ።»

እንደዋሸላት አወቀች። ለቅሶዋ ባሰ። እሱ ግን እጅጌዎቹን በእጇ አየና ፈገግ አለ።

«አሁንስ ተራው የኔ ነው። አልብሺኝ፣ በረደኝ።»

የቀዘቀዙትን እግሮች አንድ በአንድ አለበሰቻቸው።

«ሞቀህ?»

«ሞቀኝ።»

ምንም እንደማይሰማው ሁለቱም ያውቁ ነበር። መከራ በበር ይመጣል ብላ ስትጠብቅ በገዛ መርፌዋ ቀዳዳ ሾልኮ ገባባት። ይቅርታስ የመጣላት በዚያው ክር አልነበረምን?