የተሰረዘው ቁጥር

ጽጌሬዳ በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምትሠራው መሣሪያ፣ ጥፍር የምታክል የኳርትዝ ክሪስታል አለችው። ክሪስታሏ በሴኮንድ አሥር ሚሊዮን ጊዜ ትርገበገባለች፤ ከስኳር ሕመምተኛ ትንፋሽ የሚወጣው የአሴቶን ተን ሲያርፍባት ትከብድና መርገብገቧ ይቀንሳል። በሽታውን ከትንፋሽ መለየት፤ የጽጌሬዳ ልፋት ይኸው ነበር።

አንዱዓለም የግቢው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ድብ ባሕር የሚባል አገር ልጅ ነው። የተቃጠለ ሶኬት ሊቀይር መጣ።

«እስቲ እፍ በልባት» አለችው ክሪስታሏን እያሳየች።

«ብትሰበርስ?»

«አትሰበርም፤ አትፍራ።»

ከዚያ ወዲህ ሶኬቱ በየሳምንቱ ይበላሽ ጀመር። ማን እንደሚያበላሸው ሁለቱም ያውቃሉ።

ዐቢይ ጾም ገባ። አንዱዓለም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። እየከሳ ሄደ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ውኃ አልጠግብ አለ። አንድ ቀን ክሪስታሏ ላይ ቢተነፍስ የአሴቶኑ ቁጥር ከለካቻቸው ሌሎች ጾመኞች በሦስት እጥፍ በለጠ።

«ምነው፣ በዛ እንዴ?» አላት ፊቷን አይቶ።

«ጾሙ ነው። የራበው ሰው ትንፋሽም አሴቶን አያጣም።»

«እንግዲያ ለፋሲካ ዶሮዬን በልቼ ስመለስ ትለኪኛለሽ። ለእናቴም ነግሬ ሽማግሌ እልካለሁ።»

ጽጌሬዳ ከዚህ ሁሉ የሰማችው ሽማግሌውን ብቻ ነበር። ደስታዋን ለመደበቅ አቀርቅራ ከቁጥሩ አጠገብ «ጾም» ብላ ጻፈች፤ ከውጤቱም ሰረዘችው።

በሰሙነ ሕማማት አገሩ ገባ። ሐሙስ ያስመልሰው ጀመር፤ ስግደቱ ነው ተባለ። ቅዳሜ ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ራሱን አያውቅም ነበር። ስኳር ነው አሉ። ፋሲካን ሳያይ ሞተ።

ሌት ተቀን ስትፈልገው የኖረችውን በሽታ፣ ከወደደችው ሰው ላይ ስታገኘው አላወቀችውም። ድብ ባሕር ለልቅሶ የደረሰችው ይህን ይዛ ነው።

እናቱ እማማ የዓለምወርቅ እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«እኔ ነኝ የገደልሁት» አሏት። «በስልክ ‹ደክሞኛል፣ ልግደፍ› ቢለኝ፣ ‹በርታ ልጄ፣ ጥቂት ቀን ነው የቀረው› አልሁት። በጾም ገደልሁት።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ግን እኒህ እናት ቀሪ ዘመናቸውን ይህን ተሸክመው ሊኖሩ ነው፤ ይህን አልቻለችም።

«እማማ፣ እርስዎ አይደሉም። በሽታው ከሳምንታት በፊት በትንፋሹ ታይቶኝ ነበር። ጾም ነው ብዬ የሰረዝሁት እኔ ነኝ።»

እማማ የዓለምወርቅ ወደ እሷ ዞሩ።

«ስላንቺ ሲያወራልኝ ‹ትንፋሼን ሳይቀር ታውቀዋለች› ይለኝ ነበር» አሉና እጇን ለቀቁት።